ከፈንታሁን ቤት የመጣ እርሾ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

የገንዳዬን ውኃ የምፈትሽበት ጠብታ ዛሬም አረንጓዴ ሆነ። ቢጫ ቢሆን ውኃው ደህና ነው። አረንጓዴ ግን መርዝ ነው። ልጄ ሰናይት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ትመጣለች፣ ሽሪምፖቼን በላስቲክ ከነውኃቸው ይዛ። ብዙ እግር ያላቸው ቀይ የውኃ ፍጥረታት ናቸው፤ ትልቋ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ብታህል ነው። በዚህ ውኃ ከገቡ አይሰነብቱም።

ምን እንደጎደለ አላውቅም። የገንዳውን መስታወት ራሴ ቆርጬ ራሴ አጣብቄዋለሁ፤ አያፈስም። አየር የሚነፋው ሞተር ይሠራል። ጠጠሩን ቀቅዬዋለሁ። ውኃውን የሚያጣራውን ስፖንጅ በየማለዳው ከቧንቧ ሥር አጥባለሁ። ከዚህ በላይ ንጽሕና ከየት ይመጣል?

ዕድሜዬን ሰዓት ስጠግን ነው የኖርኩት። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ተማርኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ሰዓት ነክቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ሰናይት በስልኳ ሽሪምፕ አሳየችኝ። ሆዷ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥር ትንንሽ እግሮቿ ሳያቋርጡ ይቀዝፋሉ፣ ልክ ክዳኑ እንደተነሣ ሰዓት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አላማረኝም።

ማክሰኞ

ጠዋት ስፖንጁን ሳጥብ ባለቤቴ ጥሩወርቅ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ምነው አንቱ፣ በየቀኑ ይፈትጉታል?»

«ይቆሽሻል» አልኳት።

«እኔ ቡሃቃዬን እንዲህ ብፈትገው ሊጤ በምን ይቦካል?»

ወደ ሥራሽ ሂጂ አልኳት። ሄደች። እኔ ግን ስፖንጁን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስልክ ላይ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ፤ ያኔ የሰነፍ ማመካኛ መስሎኝ ዘልዬዋለሁ። መርዙን የሚበሉ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ስፖንጁ ላይ ይራባሉ፣ እስኪበዙም ወር ይፈጃል ይላል። እኔ በየማለዳው ጠርጌ አወጣቸው ነበር ማለት ነው። ወር ደግሞ የለኝም።

እራት ላይ ነገርኳት።

«ታዲያ እርሾ ያለቀባት ሴት ምን ታደርጋለች?» አለች። «ከጎረቤት ትበደራለች።»

የቆየ ስፖንጅ ያለው ጎረቤት አንድ ፈንታሁን ነው። የእንፍራንዝ ሰው፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር፤ ሳሎኑ ውስጥ ዓሣ ያረባል። በፈረቃ የምትመጣውን ውኃ በፓምፕ እየሳበ ሰፈሩን አስጠማን ብዬ በዕድርተኛው ፊት ከተናገርኩት ወዲህ ሰላምታ የለንም። ያልኩትም እውነት ነው።

አልሄድም አልኳት።

ረቡዕ

አልሄድኩም። ጠብታው አረንጓዴ።

ሰናይት ደወለች። «አባዬ፣ ውኃው ካልደረሰ ልተዋቸው?»

«አምጫቸው» አልኳት። አፌ ነው እንጂ ልቤ አልተናገረም።

ሐሙስ

ባልዲ ይዤ ሄድኩ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ግን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ፈንታሁን በሩን ከፍቶ ባልዲውን አየ። «ምነው አያ ካሳ፣ ውኃ ጎደለ? ፓምፑ እንዳለ ነው።»

ዞሬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ሽሪምፖቹን አሰብኩና «እርሾ ፈልጌ ነው» አልኩት፤ ጉዳዩንም በአጭሩ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም።

«እርሾማ አይከለከልም» አለ።

ከዓሣዎቹ ገንዳ አንድ ስፖንጅ አወጣ። ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ ጭቃ የመሰለ። በዚያው በገንዳው ውኃ ባልዲዬ ውስጥ ከተተው። እንዲህ ያለ ቆሻሻ በእጄ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም።

«እንዳያጥቡት ታዲያ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ማወቁንስ ያውቃሉ።»

ስለ ፓምፑ ሌላ አልተነሣም። መርዛሙን ውኃ ደፍቼ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በጄሪካን አፉን ከፍቼ ያሳደርኩትን ሞላሁ። ስፖንጁን ሳላጥብ አስገባሁት። እጄን ግን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ዓርብ

ቢጫ!

ደግሜ ፈተንኩ። ቢጫ። ጥሩወርቅን ጠርቼ አሳየኋት። «ምን ብዬ ነበር» አላለችም። ባትልም ሰማሁት።

ቅዳሜ

መጡ። ሁሉም በሕይወት። ላስቲኩን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

በቀጭን ቱቦ ከገንዳው ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አለማመድኳቸው። ሰናይት «አባዬ፣ በቃ ይልቀቋቸው» ትለኛለች፤ ሰዓቱ ሳይደርስ አልለቅም አልኩ። በመጨረሻ ለቀቅኳቸው። የቀቀልኩትን ጠጠር፣ ያጸዳሁትን መስታወት ዞር ብለው አላዩትም። ሁሉም በቀጥታ ሄደው የፈንታሁን ስፖንጅ ላይ ሰፈሩ፤ በሁለት እጃቸው እያፈራረቁ ይለቅማሉ፣ ይበላሉ። ምሳዬን ረሳሁት። ጥሩወርቅም ድስቷን ጥዳ ረሳችው፤ አሮብናል።

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ አንዷን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጋ አገኘኋት። ከጓደኞቿ ተለይታለች፣ አትበላም። ሞተች ብዬ ደነገጥኩ።

ከመሳቢያዬ የሰዓት ሠሪ መነጽሬን አወጣሁ። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ዓይን ላይ ነው የሚያዝ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ አይከለክለውም። ይህን እስከ ዛሬ አለማሰቤ ይገርማል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሆዷ ሥር ቢጫ ፍሬ ታቅፋለች፣ ዳጉሳ ዳጉሳ የሚያህል፤ በእግሮቿ ታናፍሰዋለች። እንቁላል ነው።

በአጥሩ ላይ «ፈንታሁን!» ብዬ ተጣራሁ። ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ።

ጋቢውን እንደለበሰ መጣ። «የተጣበቀባት ምግብ ነው» አለኝ። መነጽሩን ሰጠሁት። አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ።

«ሸጋ ናት» አለ ኋላ። «እርሾዬ ሠራ።»

«እርሾው ያንተ፣ ሽሪምፗ የኔ።»

«ሲፈለፈሉ ታዲያ ብድሬን በልጆቿ ይመልሱልኛል።»

ዓሣዎቹ ውጠው እንደሚጨርሷቸው፣ ለብቻቸው ገንዳ ካልተሠራ አንድም እንደማልሰጠው ነገርኩት። መስታወት መቁረጥ አልችልም አለ። እኔ እቆርጣለሁ፣ ነገ ልኩን ይዘህ ና አልኩት።

ይፈልፈሉ አይፈልፈሉ አላውቅም፤ የመጀመሪያ እንቁላል ብዙ ጊዜ ይከሽፋል የሚል አንብቤያለሁ።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆመና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ገንዳውን የምንሞላው በፓምፑ ነው።»

ዝም አልኩ። ለሽሪምፖቹ ስል ነው።