ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ጎንደር፣ የካቲት 1980 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ ወይ? ልጅሽስ ድክድክ አለ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ሰሞኑን ምግብ አልወርድ ብሎኛል። በአንድ ከተማ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ቤትሽ መምጣት እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ነገሩ ከምሥራቅ ጀርመን ለተማሪዎቻችን በስጦታ የመጣው ኮምፒዩተር ነው። አሠራሩን እዚያው ሄጄ ዓመት ሙሉ የተማርሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ሣጥኑ ሲከፈት እንደ ሕፃን ነበር የዘለልሁት። ልጆቹ ሒሳቡን በገዛ ጣታቸው ጽፈው መልሱ ሲወጣ እንዲያዩ ነበር ምኞቴ። ዲሬክተራችን ግን የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ቢሮው ውስጥ አስቀመጠው። ዳንቴል አለበሰው፤ በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አኖረበት። በሩንም ቆለፈ። ለመጥረግ እንኳ ሰው አይገባም።

እኔም የኮምፒዩተሩን ፊደላት በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥዬ ማስተማር ጀመርሁ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ባዶ ዴስክ በጣቱ ሲመታ አስቢው። የአዲ አርቃይ ገበሬ ልጅ ትርንጎ፣ ከሁሉም ቀልጣፋዋ፣ አንድ ቀን እጇን አወጣችና፣

«ጋሼ፣ ምነው፣ እኛ ከነካነው ይሞታል?» አለችኝ።



ባለፈው ሳምንት ጓዶች ከአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ትምህርታችንን ሊጎበኙ መጡ። ዲሬክተሩ ትርንጎን አስጠርቶ ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጣት። መብራቱ ያቃጥለዋልና አይበራም፤ አንቺ ብቻ የምትሠሪ መስለሽ ጣትሽን አንቀሳቅሺ አላት። ከዚያም በእንግዶቹ ፊት ዳንቴሉን ገፈፈው። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። አይጥ ከሥሩ ገብታ፣ ሽቦውን በልታ፣ ጎጆ ሠርታ፣ ከነልጆቿ እዚያው ሞታለች። አንዱ ጓድ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወጣ።

ያቅለሸለሸችኝ አይጧ አይደለችም። አይጥ ያው አይጥ ናት። ሰውየው ነው ያቅለሸለሸኝ። ሳያፍር ወደ ልጅቷ ዞሮ፣

«ይቺ ናት። በዚህ በቆሸሸ የገጠር እጇ ተደብቃ እየገባች ስትነካካው ነው አይጥ ያመጣችብን» አለ።

ገብታ እንደማታውቅ ተናገርሁ፤ ዝም በል ተባልሁ። ትርንጎ ግን አላለቀሰችም፤ እጆቿን ከዴስኩ ሥር ደበቀች። በማግሥቱ ተባረረች። የማትሪክ ፈተና እኮ ደርሷል! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። እንግዶቹ በመጡበት ዕለት እሱ በዚያው ዳንቴል እጁን ጠርጎ ሲወረውረው ሳይ፣ ወደ ግቢው ወጥቼ አስታወክሁ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ጠዋት ጠዋት መቆም አስጠልቶኛል።

ባልሽ ቤት ሲገባ ምን ብሎ እንደነገረሽ አላውቅም። የቢሮው ቁልፍ ግን ቀን ከቀበቶው፣ ሌሊት ከትራሳችሁ ሥር እንደማይለይ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የትኛው ልጅ ሊገባ ይችላል? የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሐሙስ ይሰበሰባል። እዚያ ቀርበሽ ይህችኑ ብቻ ብትናገሪ ልጅቷ ትመለሳለች። ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ፤ ቀላል አይደለም። የኔን ቃል ግን ማንም አይሰማም።

ዳንቴሉን ከተጣለበት አንሥቼ አጥቤዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ። ቢጫው እድፍ አልለቅ አለኝ። ጠርዙ ላይ ያሉትን የወይን ቅጠሎች ገና የመጀመሪያው ቀን ቢሮው ውስጥ ሳያቸው ነው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ያወቅሁት። ጀርመን ልሄድ ስነሣ ሦስቱን ቅጠል ጨርሰሽ አሳይተሽኝ ነበር። ለየትኛው ቤት እንደ ነበር አሁን ማንሣቱ ምን ይጠቅማል።

እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ልጅሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ይህን ያደረሰችልሽ ልጅ ትርንጎ ናት። መልስሽን ይዛ እንድትመለስ ነግሬያታለሁና በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እባክሽ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት እጇን እይላት።

አብሮ አደግሽ