ውሃ የወሰደው ፀጉር አስተካካይ

ለልጄ አባት፣

እንደምን አለህ? ጤናህስ እንዴት ነው? በሙታን ተራ ለተቆጠረ ሰው ሰላምታ መጻፍ እጄን ከብዶታል፤ ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርምና እንደ ወጉ ልጠይቅህ። ወገብህ ያምህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አሁንም ያሳምምሃል? እኔ ደህና ነኝ። ልጅህም ደህና ነው። አንተ ስትሄድ በዳዴ ይሄድ የነበረው ልጅ ዛሬ የጓዳውን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

ማን ጠቆመብኝ ብለህ እንዳትለፋ አስቀድሜ ልንገርህ። ያገኘሁህ በታሪክ ማኅበሩ በኩል ነው።

ማኅበሩን አታውቀውም፤ የተቋቋመው አንተ ከጠፋህበት ጎርፍ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ያ ረጅሙ ፋርማሲስት ነው፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ ቃል አይወጣውም እያልክ የምታማው። ጡረታ ሲወጣ በሽተኛውን ትቶ ያለፈውን ዘመን ማከም ጀመረ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጣሪያዋ የሚያፈስ ክፍል ሰጡን። እዚያ የድሮ ፎቶ እንለቅማለን፣ ሽማግሌዎችን በቴፕ እንቀዳለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንግዶችን በእግር እያዞርን ውሃው የሄደበትን መንገድ እናሳያለን። መጀመሪያ እኔን የጠሩኝ ለሥራ አልነበረም፤ ለመታየት ነበር። ባሏን ውሃ የወሰደባት ሴት ከፊት ወንበር ስትቀመጥ ስብሰባው ክብደት ያገኛል።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። ያንተ አንገት በየዓመቱ ረዘመ። መጀመሪያ "የጠፋ" ነበርክ። ቆይቶ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ ወደ ድልድዩ ሲሮጥ ያየሁት መሰለኝ አለ። "መሰለኝ" የምትለዋ ቃል ከቴፑ ወደ ወረቀት ስትገለበጥ መንገድ ላይ ወደቀች። ፋርማሲስቱ ደግሞ፣ በጎርፍ ሰዓት ወደ ድልድይ የሚሮጥ ሰው ሌላ ሊያድን ካልሆነ ምን ሊሠራ ነው ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት ስላልነበረ፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አዳንክ። ገላህን ለመታጠብ እንኳ ውሃው ቀዘቀዘ እያልክ የምታስለምነኝ ሰውዬ፣ ዋና የማታውቀው፣ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ሁለቴ ተመላለስክ። እኔም ይህንኑ ለእንግዳ ሳወራ ኖርኩ። ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሐዘን ይመስለዋል።

ሐዘን ብቻ አልነበረም። ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በየግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም ያሰመረልን የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፈው ሰውዬ ነው። ያንተንም ሱቅ አስምሯል። መስመሩ ከመስታወቱ ሥር ነው የሚያልፈው። የመቀስና የምላጭ ሳጥንህ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ግን ከመስታወቱ በላይ ነበር። ሳጥኑ አልተገኘም። ውሃ ወደ ላይ ዘሎ መቀስ አይመርጥም። በዚያ መስመር አጠገብ በየቅዳሜው እንግዳ እየመራሁ አለፍኩ፤ ቀና ብዬ ግን አላየሁም።

ያ ማስታወቂያ ጻፊ ለትዳር ጠይቆኝ ነበር፤ ይህንንም እወቅልኝ። ልጁን እንደ ልጄ፣ አንቺን እንደ ዓይኔ አድርጌ እይዛለሁ አለኝ። በአፉ ብቻ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ወሬው ፋርማሲስቱ ጆሮ ደረሰና አስጠርቶኝ፣ "እህቴ፣ አንቺ እኮ የግልሽ ሰው አይደለሽም፤ የከተማው ታሪክ ነሽ" አለኝ። እኔም ለዚያ ደግ ሰው፣ ሬሳው ያልተገኘ ባል አለኝ ብዬ መለስኩለት። አልተቆጣም። ብሩሹን አጥቦ ሄደ። አምና ሞተ። ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ዋልኩ፤ ለማልቀስ የሚያበቃ ዝምድና አልነበረኝም። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳልህም።

አሁን ወደ ልጅህ ልምጣ፤ ወደ ሴቷ ልጅህ። ከጥቂት ወራት በፊት የነርስ ተማሪዎች ሊጎበኙን መጡ። አንዷ ፎቶህ ፊት ቆማ ከጓደኞቿ ቀረች። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ማበጠሪያውን በጥርስህ የያዝክበት ፎቶ ነው። ብቻዋን ሳቀች። "እትዬ፣ አባቴ ልክ እንዲህ ነው የሚይዘው። እናቴ አንድ ቀን ትውጠዋለህ እያለች ትጨቀጭቀዋለች" አለችኝ። እሱም ፀጉር አስተካካይ ነው ወይ ስላት፣ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ።

ሸብተሃል። ቦርጭ አውጥተሃል። ሱቅህ አምሯል፤ መስታወቱ ግድግዳውን ሞልቶታል። የነገረችኝ ስም ሌላ ነው። ስምህን ስትለውጥ ማበጠሪያውን ከአፍህ ማውጣት እንዴት ጠፋህ? ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚሰረጉደው የልጄ ስርጉድ ነው። ምን ልበላት? ሰው ከሰው ይመሳሰላል አልኳት። እሷም፣ እንግዲያው ለመታሰቢያ ድንጋዩ ምረቃ ይዤው እመጣለሁ፣ መንትያውን ይይ ብላ ተሰናበተችኝ።

ምረቃው ባለፈው እሑድ ነበር። ከድልድዩ አጠገብ ጥቁር ድንጋይ አቁመዋል። ስምህ ከሁሉ በላይ ነው፤ ሥሩ "ጀግና" ተብሎበታል። ሪባኑን እንድቆርጥ መቀስ ሰጡኝ። ዓይኔ ግን መንገዱ ላይ ነበር። እንድትመጣም እንዳትመጣም እመኝ ነበር፤ ብትመጣ በያዝኩት መቀስ ምን እንደምሠራ እንጃ። ልጅቷ ብቻዋን መጣች። መናኸሪያ ከደረስን በኋላ አመመኝ ብሎ ተመለሰ፣ የዚህ ከተማ ስም ሲነሳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያመዋል አለችኝ። እግዜር ይማርህ አልኩ በሆዴ።

ልጃችን ፋርማሲስቱ የጻፈለትን ንግግር ሊያነብ ተራ ተይዞለት ነበር። ተራው እስኪደርስ ከልጅቷ አጠገብ ተቀምጦ ይጫወታል። ስልኳን ስታቀብለው ከሩቅ አየሁ። ረጅም ጊዜ አየው፣ መለሰላት፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት። ከዚያ ስሙ ተጠራ። ወጣና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ድልድዩን አላነሳ፣ ሽማግሌውን አላነሳ። የሙታኑን ስም ብቻ ጠራ። ያንተንም ጠራው፤ እንደ ማንኛውም ስም ጠርቶት አለፈ። ሕዝቡ ልቡ ተነክቶ ነው ብሎ አለቀሰ። ፋርማሲስቱ ግን፣ ያን ያህል የለፋሁበትን ንግግር እያለ እስኪመሽ ሲያጉረመርም ዋለ።

ቤት ገብተን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጃኬቱን ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ ፎጣውን በቦታው መለሰ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ "እማዬ፣ የልጅቷን የቤት አድራሻ ተቀብያለሁ። የምትጽፊው ነገር ካለሽ ነገ በፖስታ ቤት በኩል ነው የማልፈው" አለኝ።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው። አትምጣ። ስምህ ከድንጋዩ ላይ አይፋቅም፤ እኔም አላስፍቅም። ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ ግን ታሪኩን ሌላ ሰው ይንገር ብያለሁ፤ ፋርማሲስቱ ተቀይሞኛል፣ ይቀየም። ልጅቷ ተመልሼ እመጣለሁ ብላለች። ራስህን ይመምህ ሆድህን፣ እሷን አትከልክል። ልጄ ብቻውን ነው ያደገው፤ ከመናኸሪያ እቀበላታለሁ ብሎ ከአሁኑ ጓዳውን እያጸዳ ነው።

ልጅቷን ፈጣሪ ያሳድግልህ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት። እናቷንም ዕድሜ ይስጣት፤ እሷ ምን ታውቃለች። ሱቃችሁ ደንበኛ አይጣ።

ያንተን ግን ነፍስ ይማር።

የሟች ሚስት