በዳሰሳ የሚያውቅ እጅ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ሩዙ ታጭዷል፤ ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወንድሜ ወረታ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል። እናቴ አሁን ላማችንን ቡሬን ከማለቧ በፊት በረቱ ደጅ ትንሽ ትቆማለች። ምክንያቱን ልንገርህ።

ዓይንህ ከጠፋ በኋላ ጠዋት ጠዋት ላሞቹን ቀንዳቸውን እየዳሰስክ ትለያቸው አልነበር? በዚያው ሰዓት፣ ማንም ሳይቀርባት፣ ቡሬ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። በቀንዷ ሥር ያለው ቆዳ ጣት እንደነካው ይርገበገባል። ከዚያ ቀና ትልና ለመታለብ ትዘጋጃለች። ወንድሜ «ዝንብ ነው እንጂ! አንቺ ደግሞ ተምረሽ ተምረሽ!» ይለኛል። እሱም ግን ያን ካየ ወዲህ በረት አይገባም።

ስለ ትምህርቴ የጠየቅኸኝ ቀን ትዝ ይልሃል? አርኤንኤ በሴል ውስጥ ያለ፣ በአራት ፊደላት የተጻፈ ቀጭን ክር ነው፤ ራሱ ላይ ታጥፎ ጉብታና ቀለበት ይሠራል አልኩህ። ፕሮቲንም እንደ እጅ የሚጨብጥበት ክፍል አለው፤ ያ እጅ ክሩን በምን እንደሚለየው ግን ገና አላወቅሁም አልኩህ። ሳቅክና «ዓይን የለው፣ በምን ያነባል? እንደኔ ዳስሶ ነዋ!» አልከኝ።

ቤተ ሙከራ ተመልሼ ፊደላቱን ቀየርኩ፤ እጥፋቱን ግን ጠበቅሁ። ፕሮቲኑ ያዘው። ቀጥሎ እጥፋቱን አፈረስኩ። ለቀቀው። ለካ ክሩን የሚለየው በፊደሉ ሳይሆን በቅርጹ ነው፤ አንተ እንዳልከው ዳስሶ። አማካሪዬ መጀመሪያ «የገበሬ ሳይንስ» ብሎ ሳቀብኝ፤ ኋላ በጉባኤ ላይ የራሱ ሐሳብ አድርጎ አቀረበው። አሁን ደግሞ እኔ ናሙና ብቻ እንዳዘጋጀሁ የሚገልጽ ወረቀት ፈርሚ ይለኛል። ካልፈረምኩ ምርቃቴን እንድረሳው ነግሮኛል።

ፈርሜ ልገላገል ብዬ ነበር፤ ወረቀቱን ይዤ ቤት መጣሁ። ትናንት ማለዳ ግን ከእናቴ ቀድሜ በረት ገባሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን በቡሬ ቀንድ ሥር አሳረፍኩ። ቦታው ሞቋል፤ ሌላ እጅ ገና አሁን ከላዩ የተነሣ ይመስላል። ከዚያ ጣቶቼ፣ እኔ ሳላዛቸው፣ ከቀንዷ ጉብታ ወደ ስንጥቁ፣ ከስንጥቁ ወደ ጆሮዋ ሄዱ። ያንተ እጅ የሚሄድበት መንገድ ነበር፤ አሳይተኸኝ ግን አታውቅም። ፈራሁ። እጄን ግን አላነሣሁም።

ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ሰኞ የሙከራ መዝገቤን ይዤ ምርቃቴን የሚወስነው ኮሚቴ ፊት እቆማለሁ። ሐሳቡ ከየት መጣ ሲሉኝ ስምህን እጠራለሁ፤ ዓይኑ የጠፋ የፎገራ ገበሬ ነገረኝ እላለሁ። ይሳቁ። ምርቃቱን ቢከለክሉኝም አንተን ደብቄ አልመረቅም። እስካለሁ አልረሳህም፤ ባንተ ቦታ ሌላ ሰው ስሙን ሲጽፍም ዝም አልልም።

ልጅህ