ክራባት ያሰሩብህ ፎቶ

አባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። የጓሮውን አጥር አድሰነዋል። ሌላውን በደህና ቀን እነግርሃለሁ፤ ዛሬ የምጽፍልህ ደሜ ፈልቶ ነው።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ቤት ውስጥ አንድ እንኳ ፎቶህ ጠፋ። የመታወቂያህም በኪስህ ላብ ታጥቦ አልቋል። ካሜራ ስታይ ፊትህን ታዞር አልነበር? የቀረችን አንዲት ናት፤ ማማው ላይ ቆመህ ማሽላውን ከወፍ ስትጠብቅ በዲጂታል ካሜራዬ ያነሳሁህ። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ብቅ ስትል ማማው ሥር ተንበርክኬ፣ ካሜራውን ለሰማዩ ብርሃን አስተካክዬ፣ አንተን ጥላ ብቻ አደረግሁህ። ሰው ሁሉ ፀሐይን ፊት ላይ አድርጎ ያነሳል፣ አንቺ ከኋላ፣ ማን አስተማረሽ ብለህ ቀለድህብኝ። ፊትህ እንደማይታይ ስነግርህ ግን እሺ አልህ። ጥቁር ሆነህ ወጣህ፤ ግን አንተው ነህ። ወንጭፍህ ከእጅህ፣ ጋቢህ በግራ ትከሻህ፣ ያ ዘመም ያለ አቋቋምህ። ከሮቢት እስከ ዋጃ የሚያውቅህ ሁሉ አይስትህም።

ወንድሜ ደሳለኝ ግን ጥቁር ፎቶ ሟርት ነው ብሎ ሳይነግረኝ ቆቦ ፎቶ ቤት ወሰደው። ጉድ እኮ ነው አባዬ! ማማውን ቆረጡት። ወንጭፍህን ከእጅህ ነጠቁህ። ኮት አለበሱህ፣ ክራባት አሰሩብህ፤ አንተን! ፊትስ ከየት ይምጣ? ወንድማማች ይመሳሰላል ብሎ የታናሽ ወንድምህን የአጎቴን የሲሳይን ፎቶ ሰጣቸው። እነሱም ለጠፉት። አጎቴ ለሙት ዓመትህ የተተከለው ድንኳን ሲገባ አበባ የተደረገበት የገዛ ፊቱ ተሰቅሎ ጠበቀው። በቁሙ ተለቀሰለት! እህል ሳይቀምስ ወጥቶ ሄደ። ታዲያ ሟርት ማለት ይሄ አይደለም?

እማዬም ቀረብ ብላ አየችና ይሄ ሰውዬ ማነው ብላ ጠየቀች። ደሳለኝ ዓይኗ ደክሟል አለ። ምን ሆነና ዓይኗ! ካሜራዬን አምጥቼ የማማውን ፎቶ ከጀርባው ባለችው ትንሽ መስታወት ሳሳያት ወዲያው ስምህን ጠራች፤ ጋቢው እኮ እኔ የፈተልኩት ነው ብላ አለቀሰች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የልጄ ነገር ነው። አያትሽ የታል ሲሏት ያንን ክራባታም ታሳያለች። አንተን ሳታውቅህ ሌላ ሰው ልትወድብህ! እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄ አይሆንም። ትናንት ከግድግዳው አወረድኩት፤ የኔን አሳትሜ ሰቀልኩ። ደሳለኝ አኩርፏል፤ ያኩርፍ።

ፊት የሌለው ፎቶ ምን ይሠራል እያለ ይጨቀጭቀኛል። እሱ ማማው ሥር አልነበረማ! እኔ ግን ካሜራው ያላየውን አይቻለሁ። ያኔ ጥርስህ ሁሉ እስኪታይ እየሳቅህ ነበር። ያ ሳቅ የት ጋ እንዳለ ለልጄ በጣቴ እያሳየሁ እነግራታለሁ፤ እሷም ለልጆቿ ታሳያለች።

ልጅህ ብርቄ