በረኛዋ ማዘር

ለልጄ ጓደኛ፣ ለእኔም ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እንቅልፍህን የጠየቅኩት ሁለተኛ ሥራ መጨመርህን እህትህ ስለነገረችኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ዝም ብሎ ያገለግለኛል። አለቅሳለሁ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። አንዳንዴ ሦስቱንም አንድ ላይ።

በእህትህ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። አዲሱን የጌም ማሽን ገዝተህ ልትልክልን እንዳሰብክ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ እንዳትጨነቅ በይልኝ ማለትህንም ነገረችኝ። ትንሽ ነገር ናት ካልክ ትንሽ ናት ብዬ መረቅኩህ። ኋላ ግን ነገሩን ለማየት ጓጓሁ። ታውቀኝ የለም? የማላውቀው ዕቃ ቤቴ ሲገባ ሳልገለብጠው አላድርም።

መጀመሪያ ስለ ጌም ቤታችሁ ልንገርህ። አልዘጋሁትም። ልጄን ከቀበርን በኋላ ሰው ሁሉ ዝጊው ብሎኝ ነበር፤ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋማ ክፍሉን አከራዪኝ እያለች ስትመላለስ ከረመች። እኔ የስፌት መኪናዬን ከቤት አውጥቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩትና እዚያው መዋል ጀመርኩ። ልጆቹ ከውስጥ ኳሳቸውን ይጫወታሉ፣ እኔ በር ላይ ሱሪ አሳጥራለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ቆሞ ጨዋታ ያይና ሱሪውን ረስቶ ይሄዳል። ሶፋው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቶ ነበር፣ ሰፋሁት። ጆይስቲኩ ላብ በላብ ሲሆን በቁራጭ ጨርቅ እወለውላለሁ። እንግዲህ ይኸው ነው ሥራዬ።

አንድ ቀን እጅጌ እየገጠምኩ ልጆቹ ከኋላዬ ይጮሃሉ። አንዱ፣ በረኛዋ ማዘር ተኝታለች አለ። ሌላው፣ ማዘር እኮ ዓይኗ አያይም፣ አውጧት አለ። በር ላይ የተቀመጥኩት እኔ፤ በረኛዋ ሌላ ማን ልትሆን ነው? ደሜ ፈላ። መቀሱን እንደያዝኩ ዞሬ፣ ማን ነው የተኛው? እናንተ እንዲህ እየተንጫጫችሁ በየት በኩል ልተኛ? ዓይኔም ቢሆን ገና ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ ያስገባል አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ከሶፋው ወደቀ።

ዳኛዋ የምንላት አንዲት ተማሪ አለች። የራሷን ተጫውታ ስትጨርስ የሰውን ካልዳኘሁ የምትል ናት። እሷ እጄን ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋችኝና፣ እትዬ፣ አንቺን አይደለም፣ ይቺን ነው አለችኝ። አየሁ። ጎሉ ፊት የስልክ እንጨት የሚያክል በረኛ ቆሟል። ቢጫ ጓንት አጥልቋል። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ማዘር ተብሎ ተጽፏል። ደግሞ ጢም አለው! ጌሙ የድሮ ስለሆነ ሴት አይቀበልም አሉኝ። ጢሙን ግን ማን አስገደዳችሁ?

ቡድኑን የሠራችሁት አንተና ልጄ እንደሆናችሁ ልጆቹ ነገሩኝ። አጥቂው እሱ፣ አማካዩ አንተ፣ በረኛዋ እኔ። እዚህ ቤት ምሳ ይዤ ስመላለስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጎል ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ የነገረኝ ግን የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከልጆቹ መሃል አንዱ፣ ማዘር አዳነች! ብሎ ሲጮህ ሳላስበው ቀና እላለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል። አዲሱ ማሽን አለው። ልጆቼ አንድ በአንድ ተንጠባጥበው ወደዚያ ሄዱ። ዳኛዋም አይታው መጣችና፣ እትዬ፣ እዚያ እኮ የተጫዋቾቹ ላብ ሁሉ ይታያል አለችኝ። ላብማ እዚህም ሞልቷል፣ ወልዋይዋ እኔ አይደለሁ? አልኳት። ሳቀች፣ ግን በማግስቱ አልመጣችም። እንዲህ ከቀጠለ ክፍሉን ለፀጉር ሠሪዋ መልቀቄ ነው ብዬ ፈራሁ። ያንተ ማሽን እስኪደርስ አልጠብቅም፣ ምን እንደሆነ ልየው ብዬ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ሄድኩ።

ባለ ሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ የደርዘን መሰለኝና፣ የአንዱን ንገረኝ ልጄ አልኩት። የአንዱ ነው እናቴ አለኝ። የስፌት መኪናዬን፣ ካውያዬን፣ እኔንም ጨምረህ ብትሸጥ አይሞላም። ልጄ በሕይወት ሳለ፣ ትንሽ ልጠብቅ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲቆይ ይረክሳል ይለኝ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ጠየቅኩት። እሱ ድሮ ቀረ፤ አሁን እየቆየ ይወደዳል አለኝ። ይሄ ገረመኝ። እኔ መስኮት ላይ የሰቀልኩት ጨርቅ ሲከርም ፀሐይ ይበላዋል፣ በግማሽ ዋጋ ነው የምሸጠው። ይሄኛውን ምን ዓይነት ፀሐይ ነው የሚያሳምረው?

እሱም አስረዳኝ። ውስጡ ያለው ሚሞሪ ነው አሉ የተወደደው። ሰው የጠየቃቸውን ሁሉ የሚመልሱ ኮምፒውተሮችን የሚሠሩት ትላልቅ ድርጅቶች ሚሞሪውን ከፋብሪካው በር ላይ አፍሰው ይወስዱታል፤ በቀረው የጌም ማሽን ሠሪዎቹ ይሻሙበታል። እንግዲህ የሆነ አገር ያለ ሰው፣ ዛሬ ምን ልልበስ ብሎ ኮምፒውተር በጠየቀ ቁጥር የእኛ ሰፈር ልጆች ኳስ ይወደዳል ማለት ነው? አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ሊሆን ይችላል አለኝ።

ጌሙስ? ለብቻው ይገዛል። ዲስኩን አሳየኝ አልኩት። ይሄኛው ዲስክ የለውም፣ በኢንተርኔት ነው የሚወርደው፤ ለሰው ማዋስም፣ ተጫውቶ ሲበቃ መሸጥም አይቻልም አለኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ከፍዬ ምን ይዤ እሄዳለሁ? ብዬ ብጠይቀው፣ የመጫወት መብት ብሎ መለሰልኝ። እኔ ቀሚስ ሰፍቼ ቀሚሱን አስቀርቼ የመልበስ መብቱን ብሸጥ ደንበኞቼ በራሴ መቀስ ያባርሩኛል አልኩት። አንተስ እዚያ ሆነህ ይሄ ነገር ይገባሃል?

ሰውየው ክፉ አይደለም። አሮጌውን አምጪና ልዩነቱን ቀስ እያልሽ ክፈይ አለኝ። ውስጡ ያለውን አጥፍቶ ለሌላ ይሸጠዋል። ምን ምኑን ነው የምታጠፋው? አልኩት። ሴቭ የተደረገውን ሁሉ፣ ቡድን ካለም ቡድኑን አለኝ። እሺ፣ በረኛዋን ብቻ ወደ አዲሱ አሻግርልኝ ስለው ግራ ገብቶት አየኝ። ትውልዱ ሌላ ነው እናቴ፣ የዚያ ወደዚህ አይሻገርም አለኝ። ማሽንም ትውልድ እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። አመስግኜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን የማስበው የባለ ሱቁን ዋጋ አልነበረም። ያንተን ነው። ትንሽ ነገር ናት ያልከኝን። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅህን ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ በእህትህ እጅ ጫማ መጣ። ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያ መጣ። አሁን ደግሞ ይሄ፣ ሁለተኛ ሥራ ተጨምሮበት። ልጄ፣ ስጦታ እንዲህ በየጊዜው ዋጋው አይጨምርም።

ሁለተኛውን ቴሌቪዥን ልታመጡ ሄዳችሁ አደጋው በደረሰበት ቀን የመኪናውን መሪ ማን ይዞ እንደነበር ሊነግረኝ የመጣ ሰው ነበር። ሻይ ቀድቼለት ስለ ዝናቡ አወራሁት። ጠጥቶ ሄደ። ያን ጊዜም አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አልጠይቅህም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ኳስ ገባብን። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በማዘር ላይ ሊጮሁ ሲሉ ዳኛዋ ተቆጣች። ይሄኛው የማንም ጥፋት አይደለም፣ ዝም በሉ አለቻቸው። አዎ፣ ተመልሳለች። ማዶ ያለው ባለ ጌም ቤት ማሽኑ ስለተወደደበት የሰዓቱን ሂሳብ ከፍ አደረገና ገሚሶቹ ወደ እኛ ዞረዋል። ልጅ ናት፣ ስለ ኳስ ነው ያወራችው። እኔ ግን ስፌቱን አቁሜ ይሄን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ማሽኑን አትላክ። ሁለተኛውን ሥራ ተወውና ተኛ። ከእኔ የምትፈልገው ነገር ካለ ሳትከፍል ውሰደው፤ ቀድሞም ያንተ ነው። እኔ ከአንተ የምፈልገው ግን አንድ ጥያቄ እንድትመልስልኝ ነው። እኔን ጎል ላይ ያቆመኝ ማን ነው፣ እሱ ነው ወይስ አንተ? ምን ብላችሁ ነው ያቆማችሁኝ? በጽሑፍ አልቀበልም፤ በእህትህ በኩልም አይሆንም። ደውለህ በራስህ አፍ ንገረኝ። መጀመሪያ ብታለቅስም እጠብቅሃለሁ።

ወጥተህ የምትገባበትን መንገድ ያቃናልህ። እጅህን ከመንቀጥቀጥ፣ ልብህን ከመባከን ያሳርፍልህ። አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው፣ የእሱንም ጨምሮልህ።

እናትህ