ለእንግዳም ቢሆን አይነሱ

ወንድሜ ጋሼ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ሚስትህ ደህና ናት፤ እንሰቱን እስከ አጥሩ ድረስ አስፋፍታዋለች። የበኩር ልጅህ አንጋጫ ተመድቦ ያስተምራል። የግቢህ በር ግን ዛሬም ሲከፈት ይጮኻል፤ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ዘይት የሚቀባው ጠፋ።

እኔን ያንተው በሽታ ያዘኝ። ከመናኸሪያ ወደ ቤት ያለውን ዳገት ስወጣ ባቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ያስቆመኛል። እንዳንተው አዲስ አበባ ሄጄ፣ በብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የእግር ደም ሥር ከፈቱልኝ። ሐኪሙ፣ "እግርዎን ዘርግተው ይተኙ፤ ለእንግዳም ቢሆን አይነሱ። የተወጋው ቦታ ካበጠ በእጅ አስጭነው ቶሎ ሐኪም ቤት ይድረሱ" አለኝ።

ላንተም ይህንኑ ሲልህ አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንተ ግን ከሆመቾ ለጥየቃ ለመጣው ዘመድ ሁሉ፣ ለሰላምታውም ለጸሎቱም ብድግ አልክ። "ኧረ በሞቴ ተቀመጥ" ይሉሃል፤ ባትነሳ ግን ይቀየሙሃል። ሲያብጥም በጋቢ ሸፈንከው፤ ብሽሽቴን ለልጆቼ አላሳይም ብለህ ዝም አልክ። ደሙ ውስጥ ለውስጥ ሲፈስብህ እኛ ለእንግዳ ዳቦ እንቆርሳለን! እስካሁን ተናድጄብሃለሁ። ይሉኝታህ ነው የገደለህ።

ዛሬ ጠዋት አጎታችን መጡ። አልተነሳሁላቸውም። ቆመው ጠበቁኝ፤ ከዚያ፣ "የተማርክበት ዩኒቨርሲቲ ለሽማግሌ መነሳት አያስተምርም ማለት ነው?" ብለው ወጡ። ብስጭቴን ዋጥኩና እጄን ብሽሽቴ ላይ ባሳርፍ ሎሚ የሚያክል እብጠት አገኘሁ። ከመዳፌ ሥር እንደ ልብ ይመታል። ሳልነሳም አበጠ፣ ጋሼ! ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ልጄ ሣራ ስትገባ ጋቢውን ወደ ላይ ሳብኩት። ልክ እንዳንተ።

ከዚያ ፍርሃቱ ኀፍረቱን በለጠውና ነገርኳት። ጋቢውን ገልጣ በሁለት እጇ ተጫነችው። ወንድሟ መኪና ሊጠራ ወጥቷል። ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ይህን የምጽፍልህ እሷ እየተጫነችኝ ነው፤ "አባዬ፣ አትንቀሳቀስ፤ ደብዳቤው አይሸሽም" ትለኛለች። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል ብለውኛል፤ በጊዜ መሆኑን ግን ማን ይንገረኝ?

አልረሳህም፣ ጋሼ። አንተን ለማስታወስ ግን መኖር አለብኝ። መኪናው ደረሰ።