ሌላ ፎቶ አትላክ

መንጌ፣ ግንቦት 9

ለመቀመጫ ጓደኛዬ፣

«ያ የሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ እስቲ ምን አደረገልሽ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የምትጠይቀኝ አንተ ብቻ አይደለህም። አባቴ ይጠይቀኛል፣ የመምህራን ማሠልጠኛው የገቡት አዲሶቹ ይጠይቁኛል፣ እኔም ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ፊት ስቆም ራሴን የምጠይቅበት ቀን አለ። መልሱ ረዘም ይላል፤ ሱቁ ባዶ በሆነ ሰዓት ረጋ ብለህ አንብበው።

ሰላምታ ግን ይቅደም። ጤናህ እንዴት ነው? እዚያ ሱዳን የደማዚን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ክረምት ሲገባ የሚነሣብህ ያ ሳል ተወህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ናፍቆቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ አልጽፈውም። መንጌ ትናንት የመጀመሪያውን ዝናብ አገኘች። ማንጎው በስሎ እየወደቀ ስለሆነ ልጆቹ ክፍል የሚገቡት እስከ ክንዳቸው ቢጫ ሆነው ነው፤ ደብተራቸውን አርሜ ስጨርስ የእኔም እጅ ይጣበቃል።

እንግዲህ ከመጥፎው ልጀምርልህ። ርእሰ መምህራችን ጋሽ በኃይሉ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው። ዲፕሎማዬን አገላብጠው አዩና፣ ከክልሉ የወጣሽ ዕለት ይኼ ግማሹ ጌጥ ነው አሉኝ። አባቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ለሰፈራ ሲመጣ ከወሎ የያዘው ቀልድ እስከ ዛሬ አላለቀበትም። ልጄ በሁለት ምላስ ትሠራለች፣ የሚከፍሏት ግን ለአንዱ ነው እያለ ሰፈሩን ያስቃል። ከእኛ ጋር ከነበሩት ሁለቱ የተመደቡት ቤርታ የሚናገር አንድ ልጅ እንኳ በሌለበት ትምህርት ቤት ነው። መጽሐፍ አልደረሰንም። ክልሉ እንደሆነ ገና አዲስ ነው፤ ጠረጴዛው ሳይገባ ማኅተሙ የገባበት ቢሮ ሞልቷል። የአንደኛ ክፍሉን ንባብ በሳሙና ካርቶን ላይ ራሴ እየጻፍኩ ነው የማስተምረው። ይኼን ሁሉ የምነግርህ ኋላ አታለልሽኝ እንዳትለኝ ነው።

ሂባ የምትባል ተማሪ አለችኝ። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግማለች። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር መዝገቡ ላይ «አትናገርም» ብሎ ጽፎባታል፤ እኔም አምኜ ነው የተቀበልኳት። በሁለተኛው ቀን የወንዝ ሥዕል ሰቅዬ፣ እዚህ ምን ይታያችኋል ብዬ በቤርታ ጠየቅኩ። ሂባ ተነሣች። ወንዙን ተናገረች፣ አሸዋውን ተናገረች፣ እናቷ ወርቅ የምታጥብበትን ገበቴ፣ ገበቴውን ረግጦ የሰነጠቀውን የጎረቤት አህያ፣ የአህያው ባለቤት የተሰደበችውን ስድብ ሳይቀር ዘረገፈችው። አሁን ችግሬ እሷን ዝም ማሰኘት ነው። ልጆቹ በአነጋገሬ ይሥቃሉ፤ ሐበሻዋ ቃሉን አኝካ አኝካ ነው የምትተፋው ይባባላሉ። ይሣቁ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ስድቡን እንካፈለዋለን።

ማሠልጠኛ ሳለን አንድ ባለ ቤርታ ከአንድ ባለ አማርኛ ጋር ብለው በአንድ አግዳሚ ያስቀመጡን ቀን ትዝ ይልሃል? አኩርፌ ነበር። አንተ ደግሞ እርሳሴን በቋንቋዬ ካልለመንሽኝ አልሰጥሽም ብለህ ሙሉ ሳምንት አስለመንከኝ። እኔም የአማርኛ ድርሰትህን በቀይ ቀለም አጥቤ መለስኩልህ። አባትህ ሲሞቱ አጎትህ ሱለይማን ለአንድ ክረምት ሱቅ ያግዘኛል ብለው ወሰዱህ፤ ያ አንድ ክረምት ሁለት ዓመት ወጣው። የቀረህ አንድ ፈተና ብቻ ነበር፤ ጥንድ ጥንድ ሆነን የምንገባበት የቃል ፈተና። እኔ ብቻዬን ገባሁ። ፈታኙ በቤርታ፣ ጥንድሽ የት አለ አሉኝ። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸው ነበር። በጣቴ አጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኋቸው። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብኝ፤ ውጤቴ ላይ ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «እናቴ በየወሩ ደኅና ነኝ እያለች ትጽፍልኛለች፣ ታዲያ ለአንድ ወረቀት ብዬ ምን ያስመጣኛል» ብለሃል። እዚያ ላይ ስደርስ ደብዳቤህን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ከሁለት ወር በፊት፣ ወደዚህ ተዛውሬ በመጣሁ ሰሞን፣ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ከትልቁ ማንጎ ሥር ጋሽ ሞላ ይቀመጣሉ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ጽሕፈታቸው በመስመር የተሰለፈ ይመስላል፣ ሱዳን ዘመድ ያለው ሁሉ የሚያስጽፈው እሳቸው ዘንድ ነው። ጥላ ፍለጋ ብጠጋ አንዲት እናት ፊታቸው ተቀምጠው በቤርታ ይናገራሉ። ነፋስ የጎጇቸውን ክዳን ገንጥሎ እንደወሰደው፣ ፍየላቸው መንታ እንደወለደች፣ አንዱን ግልገል በልጃቸው ስም እንደጠሩት፣ ጎረቤት እንደሣቀባቸው። ብዙ ተናገሩ፤ መጨረሻ ላይ አለቀሱ። ጋሽ ሞላ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ከዚያ ጮክ ብለው በአማርኛ አነበቡላቸው። «እኔ ደኅና ነኝ። ስለ እኔ አታስብ። ሥራህን በርትተህ ሥራ።» አለቀ። እናትዮዋ አመስግነው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙበት። ፖስታው ላይ ያንተን ስም አየሁ።

ከእናትህ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

እስከ ቤታቸው ሸኝቻቸው ተመለስኩና ጋሽ ሞላን ተቆጣኋቸው። ሽማግሌው ብዕራቸውን ከደኑ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቋንቋውን አልሰማም። እንባውን ግን አያለሁ። የምታለቅስ እናት ለልጇ ምን ትላለች? ደኅና ነኝ ነዋ የምትለው» አሉኝ። ለካ የመንጌ እናቶች ሁሉ ስንት ዓመት ሙሉ የላኩት አንድ ደብዳቤ ነው። እዚያ ያላችሁ የአገር ልጆች ደብዳቤዎቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩ ኖሮ መጀመሪያ ትሥቁ ነበር፣ ቀጥሎ አንዳችሁ ይመጣ ነበር። በጋሽ ሞላ ግን አልፈረድኩም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እኔ እየሰማሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በዚያ ባማረ እጃቸው ይጽፋሉ። ሰልፉ ሥጋ ቤቱ ደጅ ደርሷል።

ይኼን ያኔውኑ ልጽፍልህ ነበር፤ እናትህ ከለከሉኝ። ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ አታስደንግጪብኝ አሉ። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ነው እሺ ያሉኝ፤ እሱም በእኔ እጅ፣ በእሳቸው ቋንቋ እንዲጻፍ። ለነገሩ ዲፕሎማዬን እጃቸው ላይ ያኖርኩላቸው ዕለት በአማርኛ፣ «አንተ ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ይበላል?» ብለው አሹፈውብኝ ነበር። በአማርኛ ሲያናግሩኝ እስከ ዛሬ ወንድ ነኝ። ቤርታው በተለየ ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ሽንኩርት ስትመዝን ፊደሉን ረስተኸው ከሆነ ብዬ እዚህ በአማርኛ ደግሜዋለሁ፦

«ልጄ፣ ጎጆው ተከድኗል፤ ሰዉ በደቦ ወጥቶ ከደነልኝ። ግልገሉ አድጓል፣ ስምህን ስጠራ እየሮጠ ይመጣል። ወንዝ ውስጥ መግባት ትቻለሁ። ወርቁን እህትህ ኢኽላስ ታጥባለች፣ እኔ ዳር ተቀምጬ ውኃውን እሰማለሁ። ፎቶህ ደርሶኛል፤ ወፍሯል አሉኝ። ሌላ ፎቶ አትላክ። ድምፅህን በካሴት ላክልኝ።»

ያሉት ይኼን ነው። ከዚህ ሌላ እንዳልጽፈው በአላህ ስም ያስማሉኝ አንድ ነገር አለ፤ ቃሌን አላፈርስም። አንተ ብቻ፣ በዚህ ወንዝ ዳር ከአሸዋ መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ወርቅ ከእናትህ ቀድሞ የለየ ሰው እንዳልነበረ አስታውስ። ከዚያ ያሉትን ደግመህ አንብበው። እኔ አሁን ቤታቸው ስሄድ ገና ከአጥሩ ውጪ ሆኜ ሰላምታዬን ጮክ ብዬ እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ዲፕሎማው ምን አደረገልሽ ላልከኝ ያለኝ መልስ ይኼው ነው። አይበላም፤ እናትህ እውነታቸውን ነው። ጋሽ በኃይሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ከክልሉ ወጥቼ አላውቅም። ግን ያን ቅዳሜ ቤርታ ሳልሰማ እዚያ ማንጎ ሥር ተቀምጬ ቢሆን፣ አንተ ሪዝህ እስኪሸብት ደኅና ነኝ እየተባልክ ትኖር ነበር። መስከረም ላይ ደግሞ ሂባ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፤ እዚያ በቋንቋዋ የሚያስተምራት የለም። እንደገና «አትናገርም» ብለው እንዳይጽፉባት እሰጋለሁ።

ማሠልጠኛው ትምህርት ላቋረጡ የቃል ፈተናውን ሰኔ ሃያ ይሰጣል፤ አንድ ቀን ብቻ። ተፈታኙ ጥንዱን ይዞ መቅረብ አለበት። አሶሳ ወርጄ ጠይቄአለሁ፣ ያለፈም ሰው ጥንድ መሆን ይችላል ብለውኛል። የእኔን ስም አስመዝግቤአለሁ፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ክፍት ነው። አባቴ ሰሞኑን፣ ከአንድ የአሶሳ ነጋዴ ዘንድ ሽማግሌ መጥቶብናል፣ ምን ልበላቸው አለኝ። ከሰኔ ሃያ በፊት መልስ የለኝም፣ ፈተና አለብኝ አልኩት። አልፈሽ የለም ወይ ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።

ይኼን ደብዳቤ የያዘልኝ ነጋዴው ዓብዱልላጢፍ ነው፤ ሽንኩርቱን ጭኖ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። መልስህን በእሱ ላክልኝ። ለእኔ በፈለግከው ቋንቋ ጻፍልኝ፤ ብትሳሳትም ቀይ ቀለም አላነሣም። ለእናትህ ግን ወረቀት አትላክ። ካሴት ከጠፋ ድምፅህን ራስህ ይዘኸው ና።

አላህ ዝናቡ ሳይበረታ መንገዱን ያቅናልህ። ለአጎትህ በሱቃቸው በረካ ይስጣቸው፤ ልባቸውንም አራርቶ ያስለቅቅህ።

አግዳሚው ላይ ቦታህን ይዛ የምትጠብቅህ፣
የመቀመጫ ጓደኛህ